አባ ገብረ ሚካኤል፤ በስድሳ ዓመታቸው ካህን የሆኑ የጎጃም መነኩሴ

በየዓመቱ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወደ ፊት ምን ለመሆን ታስባለህ የሚል ነው። አንዱ ሐኪም፣ ሁለተኛው መሐንዲስ፣ ሦስተኛው አስተማሪ፣ ሌላውም ነጋዴ ለመሆን እንደሚያስብ ይናገራል። እንዲህ ያለው መልስ ለሁሉም ግልጽ ስለ ሆነ ማንም አይደነቅበትም። ካህን ለመሆን አስባለሁ የሚል ተማሪ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፤ መጠራትህን በምን ዐወቅህ ይባላል።

ይህ ጥያቄ ለእኔም ደርሶኛል። ቤተሰቦቼ ካቶሊኮች ናቸው፤ ካህን የመሆንን ዐሳብ በልቤ ካኖርሁም ሁለት ዓመት አልፎኛል። መልሱን ከራሴ ልብ ብቻ ከምፈልግ፣ ይህንኑ መንገድ ከእኔ በፊት ከሄደ ሰው ታሪክ ብማር ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ለዚህም ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገኝም። ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ካለው ከእነብሴ ምድር የተነሡ አንድ መነኩሴ አሉ፤ ስማቸው አባ ገብረ ሚካኤል ይባላል። ዝናቸው እስከ ሮም የደረሰ ሲሆን በገዛ አገራቸው በጎጃም ግን ታሪካቸውን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው።

አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ ሙስሊም ጓደኞችም አሉኝ። ይህን የምጽፈው የማንንም ሃይማኖት ለመንቀፍ አይደለም። የምጽፈው አንድ ሰው የሕይወቱን መንገድ እንዴት እንደሚመረምር ከአባ ገብረ ሚካኤል ኑሮ የሚማሩት ነገር ስላለ ነው። ይህም ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ለሚያስበውም ቢሆን የሚጠቅም ይመስለኛል።

አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በ1783 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም ከመርጡለ ማርያም አጠገብ በምትገኘው በዲቦ ነው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት የተባለው ነበር። ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጠው ሥልጣኑ በራሶቹና በየአውራጃው መሳፍንት እጅ ነበር። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ጦር አገሩ ይረበሽ፣ ገበሬውም በወታደር ይዘረፍ ነበር። ገብረ ሚካኤል ገና ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ነገር ግን በቀረችው በአንዲቱ ዓይን ብዙዎች በሁለት ዓይን ያላነበቡትን መጽሐፍ አነበቡባት።

በዚያ ዘመን በጎጃም ትምህርት የሚፈልግ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ይሄድ ነበር። ከፊደል ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ለፈጸመ ሰው አገሩ ታላቅ ክብር ይሰጠዋል። ገብረ ሚካኤልም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በመርጡለ ማርያም ገዳም ተማሩ፤ በወጣትነታቸውም በዚያው መነኰሱ።

ስለ መርጡለ ማርያም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ይህን ታላቅ ደብር በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኰሳት ሕንፃውን እንደ ገና አሠርተውት ነበር፤ የፈረሰው ግንብም እስከ ዛሬ ይታያል። አፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል በማዘዛቸው አገሩ በጦርነት ተጨነቀ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ትእዛዙን ሽረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለአፄ ፋሲል ተዉ። አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካቶሊክ የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ የደምና የሁከት መታሰቢያ ሆኖ ኖረ። ወጣቱ መነኩሴ ያደጉት በዚያ ፍርስራሽ አጠገብ ነው። እንግዲህ ኋላ የወሰኑት ውሳኔ ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ይህን ሳናስብ ልንመዝነው አንችልም።

መነኩሴው ገብረ ሚካኤል አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸው ነበር። የጥንት አባቶች የጻፉት የምንኵስና ሥርዐት ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ በዘመናቸው ያሉት ገዳማት ለምን ከዚያ ሥርዐት ራቁ ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህን ጥያቄ በሐሜት አልጨረሱትም። ከገዳማቸው ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ የየቦታውን ሥርዐት ተመለከቱ፤ መጻሕፍቱንም መረመሩ። እየተማሩም እያስተማሩም ብዙ ዓመት አሳለፉ። በመጨረሻም የሊቃውንት ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ጎንደር ደርሰው በዚያ ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። ዕውቀታቸው ስለ ታወቀ በአፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ ቤተ መንግሥት ዘንድ የታወቁ ሰው ሆኑ።

በጎንደር ሳሉ ሌላ ጥያቄ ተጨመረባቸው። የአገራችን ሊቃውንት በዚያ ጊዜ ስለ ክርስቶስ መቀባትና ስለ ልደቱ በሚሰጠው ትምህርት በሦስት ተከፍለው ነበር። በጎጃም ቅባት የተባለው ትምህርት በርትቶ ነበር፤ በትግሬ ካራ የተባለው፣ በጎንደርና በሸዋም ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የተባለው ብዙ ተከታይ ነበረው። ክርክሩም በጉባኤ ቤት ብቻ ሳይወሰን እስከ መሳፍንቱ ድንኳን ደርሶ የጦርነት ምክንያት ሆነ። አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ልጅ እንደ መሆናቸው ያደጉት ቅባት በበረታበት አገር ነው። ሆኖም እውነት በትውልድ አገር የሚወረስ ርስት አይደለም ብለው የሦስቱንም ወገን ቃል ይሰሙና ያመዛዝኑ ነበር። እውነተኛውን መጽሐፍና እውነተኛውን መምህር ለማግኘትም ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ይመኙ ነበር።

ምኞታቸው የተፈጸመው ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው በተቃረበ ጊዜ ነው። በትግሬና በሰሜን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤል አብረው እንዲሄዱ ተመረጡ። መልእክተኞቹ በጥር ወር 1833 ዓ.ም. ከዐድዋ ተነሡ። አብረዋቸው እንዲጓዙ ደጃዝማች ውቤ የለመኗቸው አንድ የኢጣልያ ካህን ነበሩ፤ እሳቸውም ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በአገራችን ሰዎች አጠራር አባ ያዕቆብ፣ ኋላም አቡነ ያዕቆብ የተባሉት ናቸው።

አባ ያዕቆብ በ1793 ዓ.ም. በደቡብ ኢጣልያ በሳን ፌሌ ተወልደው፣ ቅዱስ ቪንቼንሶ ደ ጳውሎስ በፈረንሳይ አገር ወደ መሠረተው ወደ ላዛሪስት ማኅበር የገቡ ናቸው። ወደ ዐድዋ የመጡት በ1832 ዓ.ም. ነው። እንደ አገራችን መነኩሴ ለብሰው፣ ግእዝና አማርኛ ተምረው፣ በትሕትና ይኖሩ ነበር። ከመልእክተኞቹ ጋር ለመሄድ የተስማሙት መልእክተኞቹ ወደ ሮምም ዘልቀው ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ደብዳቤ እንዲያደርሱ ከተፈቀደላቸው በኋላ ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ ይህን ፈረንጅ ወዳጄ ብለው አልተጠጉትም። የሱስንዮስን ዘመን ታሪክ የሚያውቅ የጎጃም መነኩሴ ፈረንጅን ቢጠረጥር የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን በበረሃው፣ በባሕሩና በመርከቡ ላይ ብዙ ወር አብረው ሲጓዙ የሰውየውን ጠባይ ቀርበው ተመለከቱት። ንግግሩን ብቻ ሳይሆን አኗኗሩንም መረመሩ።

ካይሮ በደረሱ ጊዜ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አንድ ወጣት የግብፅ መነኩሴ መርጠው ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርገው ሾሙ፤ እሳቸውም አቡነ ሰላማ ተባሉ። አቡነ ሰላማ በጊዜው ዕድሜያቸው ከሃያ ዓመት ብዙ ያልዘለለ ሲሆን በካይሮ በእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ለዚህ ታላቅ ሥልጣን ዕድሜና ትምህርት ያስፈልጋል ብለው ሹመቱን ተቃወሙ። ተቃውሟቸው አልተሰማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ መካከል ቂም ገባ፤ ይህም ቂም ኋላ ብዙ መከራ አመጣባቸው።

ከካይሮ ከፊሎቹ መልእክተኞች ወደ ሮም ሄዱ። በነሐሴ ወር 1833 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በክብር ተቀበሏቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን አዩ፤ የሐዋርያትን መቃብር ተሳለሙ። ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል ተሳልመው ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንባቢዎቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ። አባ ገብረ ሚካኤል ሮም ላይ ካቶሊክ አልሆኑም። የታላቁን ቤተ ክርስቲያን ግርማ አይተው፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፊት ቆመው፣ የእንግድነት ክብርም አግኝተው ሳለ ሃይማኖታቸውን እንደ ያዙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ልባቸው አልተነካም ማለት አይደለም። ነገር ግን ዓይን ያየው ውበትና ልብ የተሰማው ደስታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብለው ጊዜ ሰጡት። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ በጣም ተማርሁበት። ብዙ ወጣት መዝሙር ሲሰማ፣ ክብረ በዓል ሲያይ ወይም ደግ ካህን ሲያጋጥመው ልቡ ይነሣሣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ በዓሉ ካለፈ በኋላ በተራው ቀን ጸንቶ መቆየቱ መታየት አለበት።

አባ ገብረ ሚካኤል በመጀመሪያ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን በር አንኳኩ። የሃይማኖቱ ክርክር ፍጻሜ እንዲያገኝ ከፓትርያርኩ ደብዳቤ ተቀብለው ወደ አቡነ ሰላማ መጡ፤ ሆኖም በአቡነ ሰላማ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። የሚያውቁትን ሁሉ ከሞከሩ በኋላ ወደ አባ ያዕቆብ ሄደው ወራት የፈጀ ውይይት አደረጉ። መጽሐፍ እየጠቀሱ ይከራከሩ፣ ያልገባቸውንም ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻ በ1836 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ። ከሮም ከተመለሱ ሁለት ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ከሃምሳ በላይ ሆኖ ነበር።

ይህ ውሳኔ ያሳጣቸውን ነገር አስቡ። በጎንደር የዘረጉትን ወንበር፣ የደቀ መዛሙርታቸውን ፍቅር፣ በሊቃውንቱ መካከል የነበራቸውን ስም፣ የተወለዱበትንና የመነኰሱበትን አገር ሰላምታ ሁሉ አሳጣቸው። በምትኩ ያገኙት በምድር ላይ የሚታይ ጥቅም አልነበረም። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ጥቂቶችና የተናቁ ነበሩ። ጥቅም ፈልጎ ነው የሚላቸው ሰው ቢኖር ታሪኩ ራሱ መልስ ይሰጠዋል።

ከዚያ በኋላ አባ ያዕቆብ ከዐዲግራት አጠገብ በጓላ የዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ይኸውም ወጣቶች ለክህነት የሚዘጋጁበት ቤት ነው። የአባ ያዕቆብ ዐሳብ የኢትዮጵያን ሕዝብ የሚያገለግሉ ካህናት ከኢትዮጵያውያን መካከል እንዲወጡ፣ በግእዝ ሥርዐትም እንዲቀድሱ ነበር። ለዚህ ሥራ የግእዝን መጻሕፍት እንደ አባ ገብረ ሚካኤል የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ የጓላን ተማሪዎች ያስተምሩ፣ ከአባ ያዕቆብም ጋር የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍና ሌሎች ለትምህርት የሚሆኑ ጽሑፎችን ያዘጋጁ ነበር።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ለክህነት የሚዘጋጁትን ወጣቶች ሲያስተምሩ እሳቸው ራሳቸው ካህን አልነበሩም። መነኩሴ ሁሉ ካህን እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ምንኵስና ሌላ፣ ክህነት ሌላ ነው። በ1839 ዓ.ም. የመጡት አቡነ ማስያስ የተባሉት ኢጣልያዊ ጳጳስ ለጥቂት ኢትዮጵያውያን ክህነት ሰጡ። ራሳቸው አባ ያዕቆብም በ1841 ዓ.ም. በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ካቶሊክ ከሆኑ ሰባት ዓመት ያህል በመምህርነትና በመነኩሴነት ብቻ አገለገሉ። በዚህ መካከል መታሰርና መሰደድ ደርሶባቸዋል። በመጨረሻ በታኅሣሥ ወር 1843 ዓ.ም. አቡነ ያዕቆብ ቅስና ሾሟቸው። በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመታቸው ነበር።

የክህነት ጥሪ ምን እንደ ሆነ ከዚህ ላይ መረዳት ይቻላል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጥሪ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው በሰውየው ልብ ውስጥ ያለው ፍላጎት ነው፤ ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን በጳጳሱ አፍ የምትጠራው ጥሪ ነው። ፍላጎት ያለው ሁሉ ካህን አይሆንም፤ ጳጳሱም ፍላጎት የሌለውን ሰው አይሾምም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጥሪው የታወቀ የሚሆነው። አባ ገብረ ሚካኤል ልባቸው የፈለገውን ነገር ሥልጣን ባለው ሰው እስኪጠሩ ድረስ በትዕግሥት ጠበቁ፤ ሲጠብቁም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም።

በዛሬው ጊዜም አካሄዱ ይህንኑ ይመስላል። ዐሳቡ ያደረበት ወጣት በመጀመሪያ ለቆሞሱ ወይም ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ከዚያም ወደ ዘርዓ ክህነት ሲገባ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ጠባዩና ከሰው ጋር ያለው አኗኗር ይታያል። ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ቢያንስ ስድስት ዓመት ይማራል። በመጀመሪያ ዲቁና፣ ከዚያም ቅስና ይቀበላል። በምሥራቃውያን ካቶሊኮች ሕግ ማንም ሰው 24 ዓመት ሳይሞላው ቅስና አይቀበልም። ይህ ሁሉ ጊዜ የተሰጠው ለመማር ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ ቤተ ክርስቲያንን፣ ቤተ ክርስቲያንም ወጣቱን እንዲመረምሩ ነው። በመካከሉ መንገዱ የእኔ አይደለም ብሎ የሚመለስም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው መመለሱ የምርመራው ፍሬ ነውና ሊያፍርበት አይገባም።

አሁን ወደ አባ ገብረ ሚካኤል ፍጻሜ ልመለስ። ከተሾሙ በኋላ በጎንደር ሲያገለግሉ የአገሩ ሁኔታ ተለወጠ። የቋራው ካሣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. እዚሁ በጎጃም በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አድርገው ኃይላቸው በረታ። ካሣ የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያ አንድ ለማድረግ የተነሡ ታላቅ ሰው ነበሩ። መንግሥቱ አንድ እንዲሆን ሃይማኖቱም አንድ መሆን አለበት ብለው ስላሰቡ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። በዚህም ምክንያት ካቶሊኮች ብቻ ሳይሆኑ ከአቡነ ሰላማ ትምህርት የተለየ የሚያስተምር ሁሉ ተጨነቀ።

በሐምሌ ወር 1846 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤል ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር በጎንደር ተይዘው ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብም ለብቻቸው ከታሰሩ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የሽማግሌው መነኩሴ እግር በግንድ ተጠረቀ። ሃይማኖታቸውን ለውጠው ለአቡነ ሰላማ እንዲገዙ ብዙ ጊዜ ተጠየቁ፤ በጅራፍም ተገረፉ። መልሳቸው ግን አንድ ነበር፤ መርምረው ያገኙትን እውነት እንደማይተዉ ተናገሩ።

ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ወደ ወሎ በዘመቱ ጊዜ እስረኛውን አባ ገብረ ሚካኤልን በሰንሰለት አስረው ከጦሩ ጋር ወሰዷቸው። በግንቦት ወር በወሎ ምድር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፍርድ ቀረቡ። የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደንም በቦታው ነበሩ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ነገር ግን ቆንሲሉና ሌሎች ሰዎች ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በሰንሰለት እንደ ተያዙ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይጓዙ ነበር። በመንገድ ያገኟትንም ምግብ ለሌሎች እስረኞች ያካፍሉ ነበር። በክረምቱ ኮሌራ ገባና በነሐሴ ወር 1847 ዓ.ም. በጉዞ ላይ ሞቱ። አስከሬናቸውም በአንድ ጥድ ሥር ተቀበረ።

አቡነ ሰላማም ኋላ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው በመቅደላ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ። ይህን የምጽፈው አሳዳጁ ቅጣቱን አገኘ ብዬ ደስ ለመሰኘት አይደለም፤ ሰውን ስለ ኅሊናው የሚያስር ሥልጣን ነገ ያንኑ ያሳሰረውን ሰው ራሱን እንደማይምር እንድናስተውል ነው። ይህ ትምህርት ለካቶሊኩም ይሠራል፤ የአፄ ሱስንዮስ አዋጅ ያመጣውን መከራ ከላይ አይተናልና።

አባ ገብረ ሚካኤል በክህነት የኖሩት አራት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ብቻ ነው። ከዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹ አሥራ ሦስት ወሮች የእስር ወሮች ነበሩ። እንግዲህ ካህን ሆነው በነጻነት ያገለገሉት ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ለዚህ ለአጭር ጊዜ አገልግሎት ስድሳ ዓመት ተዘጋጁ ማለት ነው። በሰው ሒሳብ ይህ ኪሳራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሞቱ ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1919 ዓ.ም.፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በሮም ብፁዕ ሰማዕት ብለው ስማቸውን አወጁ። መምህራቸው አቡነ ያዕቆብ በ1852 ዓ.ም. ዐርፈው በ1968 ዓ.ም. ቅዱስ ተባሉ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የአባ ገብረ ሚካኤልን የትውልድ አገር ጎጃምን የሚጨምረው የባሕር ዳርና የደሴ ሀገረ ስብከት ተቋቋመ። መነኩሴው ስደተኛ ሆነው የያዙት ሃይማኖት በተወለዱበት ምድር ጳጳስ አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ለራሴ ሦስት ነገር አውጥቻለሁ። አንደኛ፣ ጥሪ እንደ መብረቅ በአንድ ሌሊት እንዲመጣልኝ አልጠብቅም። ለአባ ገብረ ሚካኤል የመጣው በጥያቄ፣ በንባብ፣ በጉዞና በጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻዬን አልወስንም። እሳቸው በዕውቀት የበለጸጉ መምህር ሆነው ሳለ ከሌላ ሰው ጋር ተወያይተዋል፤ ለጳጳስም ታዝዘዋል። ሦስተኛ፣ ምን አገኛለሁ ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ምን ለማጣት ፈቃደኛ ነኝ የሚለውን ጥያቄ ለራሴ አቀርባለሁ። የጥቅም ፍላጎትና የጥሪ ፍላጎት የሚለዩት በዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኔ የቃል ብቻ አይደለም። እኔ ለእናቴ ብቸኛው ወንድ ልጅ ነኝ። እናቴ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ትመኛለች፤ አባቴም የቤቱን ሸክም አብሬው እንድሸከም ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱም ዐሳቤን ሰምተው አልከለከሉኝም፤ ሂድም አላሉኝም። እናቴ ዝም ባለች ጊዜ ዝምታዋ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይከብደኛል። እኔም የእሷን ምኞት እንደ ተራ ነገር አልቆጥረውም። ለመስጠት የማያሳዝን ነገር መሥዋዕት አይባልምና፣ ሐዘኗን ሳልመዝን የሰጠሁት መልስ እውነተኛ መልስ ሊሆን አይችልም።

ለወላጆች በጠቅላላው አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ካህን ልሁን ቢላችሁ፣ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ቢሆን፣ አትግፉት፤ አትከልክሉትም። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ሰውን አስገድዶ ክህነት ማስቀበል ክልክል ነው፤ የተገባውንም ሰው ከክህነት መመለስ እንደዚሁ ነው። ጠይቁት፤ ጊዜ ስጡት፤ ጸልዩለት። ለመምህሮቻችንም እንዲህ እላለሁ፤ የሂሳብና የሳይንስ ትምህርት በርትተን እንድንማር ማድረጋችሁ ለዚህም መንገድ ይጠቅማል። ጓላ የሚያስፈልጋት ከመማር የሸሸ ሰው አልነበረም፤ የሚያስፈልጋት የመጻሕፍት ሊቅ ነበር።

እኔም በዚህ ዓመት ፈተናዬን በሚገባ ለመፈጸም ቈርጫለሁ። ከዚያም ከቆሞሱ ጋር እመካከራለሁ፤ ከእናቴና ከአባቴም ጋር እንደ ገና እነጋገራለሁ። መልሱ ምን እንደሚሆን አሁን አልናገርም፤ ምርመራው ገና አላለቀምና። ነገር ግን በዚሁ በእኛ ደጋ የተወለደ አንድ ዓይና ልጅ እውነትን ሲፈልግ ሃምሳ ዓመት አልፎት፣ ክህነትን ሲጠብቅ ስድሳ ሞልቶት፣ ያገኘውንም እስከ ሞት ጠብቆ መኖሩን ዐውቃለሁ። ጓደኞቼ ሆይ፣ የምትሄዱበት መንገድ የትኛውም ቢሆን ሳትመረምሩ አትግቡበት፤ መርምራችሁ ከገባችሁበት ደግሞ ስለ ከበደ ብቻ አትውጡበት።